ያውቁ ኖሯል? ከድሬዳዋ ሾላ እስከ ሞሄሊ ደሴት

ፍሬ እየለቀመች የምትኖር፣ ከአንዲት ትንሽ ደሴት በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ፣ እዚያም ለመጥፋት የተቃረበች እርግብ መኖሯን ያውቁ ኖሯል? የኮሞሮስ አረንጓዴ እርግብ ትባላለች። መኖሪያዋ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ባለው ባሕር ላይ የምትገኘው ሞሄሊ ናት፤ ከኮሞሮስ ሦስት ደሴቶች ትንሿ። ቀድሞ ታላቋ ኮሞሮና አንዧን በሚባሉት ጎረቤት ደሴቶችም ትኖር ነበር። ዛሬ ከሁለቱም ጠፍታለች።

የዚህች የደሴት እርግብ የቅርብ ዘመድ ድሬዳዋ ውስጥ መኖሯንስ? የእኛዋ የብሩስ አረንጓዴ እርግብ ትባላለች። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ሁለቱንም ትሬሮን በሚሉት አንድ ወገን ይመድቧቸዋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የቆመበት የመልካ ጀብዱ ሜዳ፣ ከከተማው ወደ ደጋው የሚወጡት ሸለቆዎች፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቆላ ሁሉ የእሷ አገር ነው። ሆዷ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ራሷና ደረቷ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ ምልክት አለባት። እንደ ዘመዷ አልተመናመነችም። ከሴኔጋል ጀምሮ ከሰሐራ በታች ባለው ደረቅ አገር ሁሉ ትገኛለች፤ ቀይ ባሕርን ተሻግራ በየመን፣ አልፎም በሶቆጥራ ደሴት ትኖራለች።

ታዲያ ብዙ ሰው የማያውቃት ለምንድን ነው? መሬት ላይ እህል ስትለቅም ስለማትታይ ነው። ኑሮዋ ዛፍ አናት ላይ ነው። መንጋው ሙሉ አንድ ሾላ ላይ ሰፍሮ ከሥር የቆመ ሰው አንዷንም ላያይ ይችላል፤ ቀለማቸው ከቅጠሉ ጋር አንድ ነው። መኖራቸውን የሚያሳብቀው ከላይ የሚንጠባጠበው የፍሬ ርጋፊ ነው። እንደ ሌሎቹ እርግቦችም "ኩር ኩር" አትልም፤ ድምጿ ፉጨትና ሲጢጥታ የተቀላቀለበት ነው። ፍሬው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከሆነባት ቁልቁል ተንጠልጥላ ትበላለች።

ይህችን እርግብ ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቃት ኢትዮጵያ ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ገባ። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ታትሞ ሲወጣ የእንስሳቱና የዕፀዋቱ ነገር የመጨረሻው ቅጽ ውስጥ ነበር፤ እርግቧም እዚያው አለች። በ1793 ማየር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በዚያ መግለጫ ላይ ተመሥርቶ ሳይንሳዊ ስም ሰጣት። ብሩስ ከአገሬው ሰምቼ ነው ብሎ የጻፈውን ስምም ተወላት፤ ትሬሮን ዋልያ። ዛሬ ዋልያ ስንል የሰሜን ተራሮችን የዱር ፍየል ነው የምናስበው፤ በሳይንስ መዝገብ ግን ስሙ በድሬዳዋ ሾላ ላይም አለ።

እርግብ ጫጩቶቿን ወተት ታጠባለች ቢባሉ ያምናሉ? ከጉሮሮዋ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ግድግዳ ላይ ቅባትና ፕሮቲን የሞላበት እርጎ መሳይ ነገር ይመነጫል። ጫጩቷ አፏን ወላጇ አፍ ውስጥ አስገብታ ትመገበዋለች። የሚያስደንቀው ደግሞ አባትየውም እኩል ማመንጨቱ ነው።

ውኃ አጠጣጧም ከአብዛኞቹ ወፎች ይለያል። ዶሮ ጎንጨት ብላ ወደ ሰማይ ቀና ትላለች፤ እርግብ ግን ምንቃሯን ነክራ ሳታቋርጥ ትመጥጣለች።

ሾላ በውጭዋ አበባ ሳታሳይ የምታፈራው ለምን ይሆን? አበባዋ ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ነው። እዚያ ገብታ የምታዳቅለው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ተርብ ናት። እንደ ሾላ፣ እንደ ዋርካ ያሉት የዚህ ወገን ዛፎች በአብዛኛው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተርብ አላቸው። ተርቧ ከጠፋች ዛፉ ዘር አይኖረውም፤ ዛፉ ከጠፋ ተርቧ መውለጃ የላትም። ተርቦቹ ዓመቱን ሙሉ እንዲኖሩ ደግሞ ዛፎቹ ሁሉም በአንድ ወቅት ማፍራት አይችሉም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ፍሬ በሎቹን እርግቦች በደረቅ አገር የሚያኖራቸው ይህ ነው። ማንጎና ዘይቱን ወቅታቸው ሲያልፍ ባዶ ይሆናሉ፤ አካባቢው ላይ በቂ ሾላና ዋርካ ካለ ግን በሚያዝያም በታኅሣሥም አንዱ ጋ የበሰለ ፍሬ አይጠፋም። "በቂ" የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። አንድ ዛፍ ብቻ የቀረበት ሰፈር እርግብን ዓመቱን ሙሉ አይመግብም።

የኦሮሞ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ሕግ የሚያወጡበት ኦዳ የዚሁ የሾላ ወገን መሆኑን የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል። ከአምስቱ ታላላቅ ኦዳዎች አንዱ፣ ኦዳ ቡልቱም፣ እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ነው። የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ዛፉን ያቆየው ክብሩ ነው፤ እርግቧንም አብሮ አቆይቷታል።

ፍሬ የሚበላ ወፍ ሁሉ ዘር ዘሪ አለመሆኑንስ? አረንጓዴ እርግቦች ጡንቻማ ጨጓራ አላቸው፤ የሾላዋን ጥቃቅን ዘር አብዛኛውን ፈጭተው ይጨርሱታል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ያሉት ፍሬ በል እርግቦች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ሥጋውን ወስደው ዘሩን እንዳለ ይጥሉታል። እዚያ ብዙ ዛፍ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚሻገረው በእነሱ ሆድ ነው። ደሴት ላይ ዝሆን የለ፣ ዝንጀሮ የለ። እርግቧ ስትጠፋ የሚከተላት ደኑ ነው።

ከእነዚህ የሰላማዊ ውቅያኖስ እርግቦች አንዷ የራፓ ፍሬ በል እርግብ ናት። ራፓ ከታሂቲ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በደቡብ የምትገኝ፣ ስፋቷ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዋ 500 ያህል ሰው የሆነ ደሴት ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተደረገ ግምት የቀሩት እርግቦች 274 ነበሩ። ደኑን የሚጨርሱት ልቅ የተለቀቁ ፍየሎችና እሳት ናቸው፤ ድመትና አይጥ ደግሞ እርግቧን ያሰጓታል። ሌላው ከባድ ጠላት ደግሞ ከውጭ የመጣ አንድ የዘይቱን ዘመድ ነው፤ የደሴቷን ነባር ዛፎች አፍኖ ቦታቸውን ይወርሳል።

ይህን ሲሰማ የድሬዳዋ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ፕሮሶፒስን ይመስለኛል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ በአዋሽ ሸለቆና በምሥራቁ ቆላ የተተከለው እሾሃማ ዛፍ ዛሬ የአፋርን ግጦሽ ወርሶ፣ በድሬዳዋም ዙሪያ ቦይና ሜዳ ይዞ ይታያል። ፍየልና ከብት የዘር ከረጢቱን ይበላሉ፤ ዘሩን ከፋንድያቸው ጋር በሄዱበት ይበትናሉ። አረንጓዴ ነገር ሁሉ ደን አይደለም። ፕሮሶፒስ በወረሰው መሬት ላይ ሾላ በቅሎ አያድግም፤ ለአረንጓዴዋ እርግብ የሚሆን አንዲት ፍሬ የለበትም።

ጉዋም ደሴት ላይ የነበረችውን የማሪያና ፍሬ በል እርግብ ያጠፋው የጭነት ዕቃ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወታደራዊ ጭነት ተደብቆ እንደገባ የሚታመን ቡናማ የዛፍ እባብ ደሴቷን ወረራት። የጉዋም ወፎች እባብን የሚያውቁበት ዘመን አልነበራቸውም፤ ጎጇቸውን አይደብቁም፣ አይሸሹም። ከ12 ነባር የጫካ ወፎች አሥሩ ከደሴቷ ጠፉ። እርግቧም በ1980ዎቹ ከጉዋም አለቀች፤ የተረፈችው እባቡ ባልደረሰባቸው ጎረቤት ደሴቶች ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስልዎ። የመልካ ጀብዱው ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ሆኖ ተመርቋል፤ ባቡሩና አስፋልቱ በቀጥታ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ያገናኙታል። እኛም ዘንድ አንድ ያልተጋበዘ እንግዳ ቀድሞ ደርሷል። ከእስያ የመጣችው፣ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሀር ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ኮንቴይነር ሲከፈት ምን እንደሚወጣ መመርመር ለሰውም ለወፍም የሚበጅ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ለኢንዱስትሪ ሰው የሚሆን፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ታሪክ። ማካቴያ የምትባል ደሴት አለች፤ ከታሂቲ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የኮራል ድንጋይ ከባሕር ተገፍቶ የቆመባት። እሷም የራሷ ብቻ የሆነች ፍሬ በል እርግብ አላት። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደሴቷ ላይ ላለው ፎስፌት ሲል ኩባንያ ገባ። የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ መርከብ መጫኛ ተሠራ፤ ከሩቅ አገር ሠራተኛ መጣ። በደራበት ዘመን 3,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ፎስፌቱ ተቀምጦ የነበረው በኮራሉ ጉድጓዶች ውስጥ ስለሆነ፣ ለማውጣት ከላይ ያለው ዛፍ መነቀል ነበረበት። የደሴቷ ሰሜናዊ ክፍል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ቀረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ማዕድኑ አለቀ፤ ኩባንያው ወጣ፤ ሐዲዱ ዝጎ ቀረ። ዛሬ ነዋሪው 100 ገደማ ነው።

እርግቧስ? አለች። ያተረፋት ማዕድን የሌለበት፣ ስለዚህም ማንም ያልነካው ደን ነው። ከዚያም ቁፋሮው ከቆመ በኋላ ፍርስራሹ መካከል ዛፍ ሲያቆጠቁጥ እየወጣች ፍሬውን ትለቅም ጀመር። አሁንም ለአደጋ ከተጋለጡት ተርታ ነች። ነገር ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ባቡርና ቁፋሮ እጎኗ እያለ መኖሯ አንድ ነገር ያሳያል፤ ፋብሪካና ፍሬ በል እርግብ በአንድ መሬት ላይ መኖር ይችላሉ፤ ሳይቆረጥ የተተወ ዛፍ ካለ።

በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ያለችው የሳን ቶሜ አረንጓዴ እርግብም ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት። የእሷ ዋና ጠላት ጠመንጃ ነው፤ ሥጋዋ ይበላል። ከሳን ቶሜ አጠገብ ባለችው ትንሽ ደሴት በሮላስ ጨርሳ ጠፍታለች። በእኛ አገር በዚህ በኩል ደኅና ነን። ከኖኅ መርከብ ወጥታ የወይራ ቅጠል ይዛ የተመለሰችው እርግብ በቤተ ክርስቲያን ክብር አላት፤ በመካ ሐረም እርግብ አይነካም። በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በከዚራም ይሁን በመጋላ፣ እርግብን መግደል ነውር ነው። የእኛ እርግብ ጠላት ጥይት ሳይሆን መጥረቢያና ግሬደር ነው። ሾላ ለማገዶም ለከሰልም ደካማ እንጨት ነች፤ የምትቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ቦታዋ ስለተፈለገ ነው።

ዶዶ እርግብ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? ክንፉ የማያበረው ያ ግዙፍ የሞሪሸስ ወፍ ከእርግብ ወገን ነው። የሆላንድ መርከበኞች ደሴቷን መርገጥ በጀመሩ በመቶ ዓመት ውስጥ አለቀ።

የሰሜን አሜሪካዋ ተጓዥ እርግብ በቢሊዮን ትቆጠር ነበር። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ የሞተችው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ መሆን ዋስትና አይደለም።

የሞሄሊን እርግብ ለሳይንስ የገለጻትና ቦረና ውስጥ የጠፋ ወፍ ያገኘው አንድ ሰው መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ጣሊያናዊ መስፍን ነው። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ አንድ ያማረ ወፍ ያዘ። የት እንደያዘው ግን ሳይመዘግብ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ወፉ ጣሊያን ደርሶ በ1896 በስሙ ተጠራ፤ የሩስፖሊ ቱራኮ። ነጭ አክሊል ያለው፣ ሾላና የዝግባ ፍሬ የሚለቅም፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ ወፍ ነው። አገሩ ስላልታወቀ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ጠፍቶ ኖረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ቤንሰን ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳግም አገኘው። በሜጋ ከተማ ስም የተጠራችውን ነጭ ጅራቷን ወንጭፊት ወፍም በ1942 የገለጸው እሱ ነው። ይኸው ሰው በ1960 የሞሄሊዋን አረንጓዴ እርግብ ለዓለም አስተዋወቀ።

የዚያ ቱራኮ ክንፍ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ። መዳቡን የሚያገኘው ከምግቡ፣ በተለይም ከፍሬው ነው።

ደሴት የግድ በባሕር መከበብ አለበት? ዶሎ ኦዶ አካባቢ፣ በገናሌ፣ በዳዋና በዋቤ ሸበሌ ዳርቻ ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ዋኔ አለች፤ ጀርመናዊው ኤርላንገር በ1901 እ.ኤ.አ. የገለጻት። ኑሮዋ በወንዙ ዳር ባለችው ጠባብ የዛፍ መስመር ነው፤ ከመስመሩ ወጣ ሲሉ በረሃ ነው። በጅቡቲም የጎዳ ተራራ አናት ላይ ባለው የዳይ ጽድ ደን ውስጥ፣ ከዚያና ከማብላ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለ ቆቅ አለ። ጽዱ እየደረቀ ነው፤ ቆቁም በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። 

የሞሪሸስ ሮዝ እርግብ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ በዱር የቀረችው አሥር ያህል ብቻ እንደነበረች ያውቁ ኖሯል? በማራቢያ ጣቢያ ተራብታ ወደ ደን ተለቀቀች፤ አይጥና ድመቱ ተያዘላት፤ ተጨማሪ ምግብ ቀረበላት። ዛሬ በመቶዎች ትቆጠራለች። ዶዶ ያለቀባት ደሴት ላይ ይህ መሆኑ በጣም ደስ ያሰኘኛል።

ሾላ ከቅርንጫፍ እንደምትበቅልስ? ክንድ የሚያህል ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጦ ዝናብ ሲጀምር መትከል፣ ከፍየል ማጠር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ ማጠጣት፤ ሥራው ይኸው ነው። ሥሯ ኃይለኛ ስለሆነ ከሼዱ ግድግዳና ከውኃ ቱቦ ራቅ መደረግ አለባት። አጥር ዳር፣ የመኪና ማቆሚያ ጥግ፣ የጎርፍ መውረጃ ዳርቻ ተስማሚ ቦታዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ የወንዝ ዳር ዛፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሊነግራት አይገባም።

ስለዚህ የፓርኩ አስተዳደር፣ የየፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ በየፈረቃው በሰርቪስ የምትመላለሱ ሠራተኞች፤ በሚቀጥለው ክረምት ለአረንጓዴ አሻራ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ከጌጡ ዛፍ መካከል ለሾላና ለዋርካ ቦታ ስጡ። አንድ ብቻ አትትከሉ፤ ብዙ ትከሉ። የቆመውን ደግሞ አትቁረጡ።